ማህተም ያረፈበት ፓኬጅ

ድንቄም ኃላፊ! ኮምፒውተሩን የሚያበራለት ሰው ካልመጣ ጠዋቱን ሙሉ ጋዜጣ ሲያገላብጥ የሚያረፍድ ሰውዬ፣ በእኔ ሥራ ላይ ማህተም ይረፍበት አለ። እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ደብረ ማርቆስ፣ አንድ ኮሌጅ ውስጥ የኮምፒውተር ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። የጻፍኩት ትንሽ ነገር ነው፤ ዓመተ ምሕረቱን ሲሰጡት ጾሙና በዓሉ መቼ እንደሚውል የሚያሰላ፣ ሌሎች ፕሮግራሞች እየጠሩ የሚጠቀሙበት ላይብረሪ። ስሌቱ የእኔ አይደለም። በልጅነቴ ደብረ ወርቅ ባሕረ ሐሳብ ያስተማሩኝ የኔታ ናቸው በጣታቸው አንጓ እየቆጠሩ ያስያዙኝ።

ከመጻፌ በፊት ሄጄ አስፈቀድኳቸው። ተማሪ አልቆባቸው ሦስት ልጆች ብቻ ቀርተዋቸው ነበር።

«ከእኔ ጋር መቃብር ከሚወርድ ውሰደው» አሉኝ። «ግን አንድ ቃል ግባልኝ። ለፈለገ ሁሉ ይሰጥ። ማንንም እንዳትከለክልበት።»

ቃል ገባሁ።

ለፈለገ ሁሉ የሚደርሰው ሊኑክስ የሚባለው፣ በነጻ የሚታደለው የኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ ከገባ ነው። አምበርና ደምበጫ ያሉት ትምህርት ቤቶች ያን ጊዜ ኢንተርኔት የላቸውም፤ ሊኑክስ የሚደርሳቸው በሲዲ ነው፣ ሲዲው ላይ የሌለ ነገር ለእነሱ የለም። ስለዚህ ላይብረሪውን በፓኬጅ መልክ አዘጋጅቼ፣ የት እንደሚቀመጥ፣ ምን እንደሚፈልግ፣ በምን ፈቃድ እንደሚሰጥ ጽፌ፣ የሊኑክሱ አዲስ እትም ሳይዘጋ ለአዘጋጆቹ መላክ ነበረብኝ። የሚሠራ ኢንተርኔት ያለው ደግሞ ኃላፊው ቢሮ ብቻ ነው፤ ጋዜጣ ለሚያነብ ሰው!

«በነጻ?» አለኝ ላስፈቅደው ስገባ። «በነጻ የሚሰጥ ነገርማ ዋጋ የለውም ማለት ነው።»

ኮሚቴ አቋቋመ። አምስት ሰዎች ተሰበሰቡ፤ አንዳቸውም አንድ መስመር ኮድ አይተው አያውቁም። አንዱ «ይሄ ሊኑክስ የየት አገር መሥሪያ ቤት ነው?» ብሎ ጠየቀ፤ ሌሎቹም እኔን አተኩረው አዩኝ፣ ለካ እነሱም አያውቁትም። በሦስተኛው ስብሰባ ወሰኑ። ፈቃዱ ላይ «ያለ ተቋሙ የጽሑፍ ፈቃድ መቅዳትም ሆነ መለወጥ ክልክል ነው» ይባል፤ የኮሌጁ ክብ ማህተም በስካነር ተነሥቶ ይግባ፤ ቃለ ጉባኤውም ይያያዝ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ቃለ ጉባኤ በፓኬጅ ውስጥ!

የሊኑክስ አዘጋጆች እንዲህ ሆኖ እንደማይቀበሉት ለኃላፊው ነገርኩት።

«ከፈለግህ እንደተባለው ላክ፣ ካልፈለግህ ከቢሮዬ ውጣ» አለኝ።

የቀረኝ ሁለት ቀን ነበር። ማን ያነበዋል ብዬ እንደተባለው አድርጌ ላክሁት።

አነበቡት። ባሕር ማዶ ሆኖ የሚመረምረው ሰው በሁለት መስመር መለሰልኝ፦ መቅዳት የተከለከለ ነገር እዚህ አይገባም፤ ክቡ ሥዕል ደግሞ ምን እንደሆነ አልገባኝም። መልሱ ሲደርሰኝ እትሙ ተዘግቷል። ቀጣዩ የሚወጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ኃላፊው «አላልኩህም? ፈረንጅ የእኛን ነገር መች ይወዳል!» ብሎ ሳቀና ደብዳቤውን ፋይል አስደረገ።

ደብረ ወርቅ ሄድኩ። የኔታ ፊት ቁጭ ብዬ ሰውዬውን ስረግም፣ ኮሚቴውን ሳብጠለጥል፣ ሰሙኝ። ልጆቹ ሁለት ሆነዋል።

«ኮምፒውተር አያውቅም አልከኝ?» አሉ በመጨረሻ።

«ማብራት እንኳ አይችልም፣ የኔታ።»

«ታዲያ ክልክል ነው የሚለውን ማን ጻፈው?»

ፓኬጅ የሚሄደው ላኪው በኮምፒውተር በሚያኖረው የምስጢር ፊርማ ነው። የዚያን ፊርማ የይለፍ ቃል ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ያን ሁሉ ስድብ ይዤ ደብረ ወርቅ ድረስ ስመጣ ይህችን አንዲት ነገር አላሰብኳትም።

«እኔ ነኝ» አልኳቸው።

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ በወደድኩ።

«እንግዲያውስ በእጄ የቀሩትን እነዚህን ላስተምር» አሉና፣ ጣታቸውን ዘርግተው ወደ ሁለቱ ልጆች ዞሩ።