ልጄን ማቀፍ የፈራሁበት አራስነት

መጀመሪያ የመጣብኝ ጡት እያጠባኋት ሳለ ነው። ልጄ ዐይኗን ጨፍና ትጠባለች። በድንገት አንድ ሐሳብ ሽው አለብኝ፦ «ብትወጊያትስ?» ድምፅ አልነበረም። የራሴው ሐሳብ ነበር። አልጋው ላይ አስተኛኋትና ሁለቱንም እጆቼን ከጀርባዬ ደበቅሁ።

ከትራሴ ሥር ቢላዋ ነበር። የእናቴ ቤት ልማድ ነው፤ ክፉ መንፈስ እንዳይቀርባት ከአራስ ራስጌ ብረት አይጠፋም።

በማግስቱ ሐሳቡ ተመለሰ። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ይመላለስብኝ ጀመር። አማትባለሁ፤ ለጥቂት ጊዜ ይተወኝና በርትቶ ይመጣል። አቡነ ዘበሰማያት ስደግም አንድ ቃል የዘለልኩ ከመሰለኝ እንደገና ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ልጄ ታለቅሳለች፤ እኔ ጸሎቴን አልጨረስኩም። ማጠቡን ለእናቴ ተውኩላት። ቀጥሎ ማቀፉን። በመጨረሻ ወተቴን እያለብኩ በጡጦ እንዲሰጧት አደረግሁ። ስንት ዓመት ተስዬ ያገኘኋት ልጅ ናት። ምን ብዬ ለማን እናገራለሁ?

እናቴ ሁኔታዬን አይታ መንፈስ ነው አለች። ትንሹ ቢላዋ አልበቃም ብላ የአያቴን ጎራዴ ከሳጥን አውጥታ ራስጌዬ አቆመችው። ባለቤቴ ፒያሳ ከሚሠራበት ወርቅ ቤት ሲመለስ አየውና በሩ ላይ ቆመ።

«እማማ፣ ይሄ አራስ ቤት ነው ወይስ ቤተ መንግሥት? ዘብ ብቻ ነው የቀረን» አላት።

«ቀልድ አንተ! ልጄ እጄ ላይ ልታልቅ ነው።»

እሱ ሳቀ። እኔ ፊቴን ከጎራዴው ወደ ግድግዳው አዞርኩ። የምፈራውን ነገር ጨመሩልኝ። በእናቴ ግን አልፈርድም፤ የምታውቀውን መድኃኒት ነው ያመጣችልኝ።

አንድ ቀን እናቴ ጎረቤት ወጣች። ልጄ አለቀሰች። አልነካኋትም። ከክፍሉ ወጣሁ። በሩን ዘጋሁት። ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። ለቅሶዋ ቀነሰ። ከዚያ ጸጥ አለ። ገብቼ መተንፈሷን ማየት አልቻልኩም። «ጌታ ሆይ፣ እሷን ከምነካት እኔን ውሰደኝ» አልኩ። ከልቤ ነበር።

እናቴ ስትመለስ እዚያው አገኘችኝ። ልጄ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። የንስሐ አባቴ ተጠሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉንም ተናገርኩ።

«ሐሳቡን ትወጂዋለሽ?» አሉኝ።

«እጠላዋለሁ፣ አባ።»

«እንግዲያው ሕመም ነው። እኔ ጠበሉን እረጫለሁ፤ አንቺ ሐኪም ዘንድ ሂጂ።»

ከባለቤቴ ጋር ቸርችል ጎዳናን ወርደን አንድ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ገባን። ድምፅ ይሰማኝ እንደሆነ፣ ራሴን ለማጥፋት አስቤ እንደሆነ ጠየቀኝ። ደጃፉ ላይ የተመኘሁትን ሳይቀር ነገርኩት። ሳይቸኩል ሰማኝ። «ኦብሰሲቭ ኮምፐልሲቭ ዲስኦርደር ይባላል፤ የማይፈልጉት ሐሳብ እየተመላለሰ የሚያስጨንቅበት፣ እሱን ለማባረርም ነገር የሚያስደጋግም ሕመም ነው። ከወሊድ በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ ይታከማል» አለኝ። ለምታጠባ እናት የሚሆን መድኃኒት አዘዘልኝና ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ የሚባለውን የንግግርና የልምምድ ሕክምና ወደምትሰጥ ሳይኮሎጂስት ላከኝ።

ሳይኮሎጂስቷ ወጣት የወሎ ልጅ ናት፤ ሂጃብ ትለብሳለች። እናቴ አብራኝ ገብታ ትክ ብላ አየቻት።

«የኔ ልጅ፣ ለመሆኑ አንቺ ወልደሻል?»

«ገና ነኝ፣ እማማ። እስቲ ዱዓ ያድርጉልኝ።»

እናቴ ከዚያ ወዲህ ለእሷም ትጸልያለች።

«ክፉ ሐሳብ በማንም ሰው ራስ ውስጥ ያልፋል» አለችኝ ሳይኮሎጂስቷ። «ሌላው ሰው ይለቀዋል። አንቺ ልጅሽን ስለምትወጃት ትደነግጫለሽ፤ ትሸሻለሽ። በሸሸሽ ቁጥር አእምሮሽ እውነተኛ አደጋ አለ ብሎ ያምናል።»

«ጸሎቴን ልተው?»

«ጸሎትሽን አልነካብሽም። ሐሳቡን ለማባረር የምትደጋግሚውን ነው የምናቆመው። ፈጣሪ አንዴ ብትነግሪው ይሰማል።»

እናቴ ሕመሜን ስትረዳ ደግሞ በሌላ በኩል ተሳሳተች። ጎራዴውንና በቤቱ ያለውን ቢላዋ ሁሉ፣ የሽንኩርቱን ሳይቀር፣ ለጎረቤት አስረከበች። ሳይኮሎጂስቷ፣ «ይመለስ፣ እማማ። ሲደብቁት ‹መፍራትሽ ልክ ነው› እያሏት ነው» አለቻት። «አልጎዳትም አይደል?» ብዬ ስጠይቅም እንዳይመልሱልኝ እናቴንና ባለቤቴን አዘዘቻቸው። እናቴ መልሱን ላለመስጠት ከንፈሯን ነክሳ ትወጣ ነበር።

ልምምዱ በትንሹ ተጀመረ። መጀመሪያ የልጄን እግር ነካሁ፤ ቀጥሎ እናቴ ባለችበት አቀፍኳት፤ ከዚያ ብቻችንን፣ በሩ ተዘግቶ። ከሁሉ የከበደኝ ልጄን አጠገቤ አስተኝቼ ሽንኩርት መክተፍ ነበር። ሐሳቡ መጣ። አላማተብኩም። አልሸሸሁም። ከተፍኩ። ፍርሃቱ በረታ፤ ከዚያ ማንም ሳያባርረው ቀስ እያለ ወረደ፤ እንደዚያ ሊወርድ እንደሚችል በሕይወቴ አላውቅም ነበር። በሌላ ቀን ደገምኩት፣ ቀለለኝ፤ መልሶ የከበደኝ ቀንም ነበር፣ አልቅሼ ያቋረጥኩትም ነበር፤ ቢሆንም ከሳምንት ሳምንት ልጄ ክንዴ ላይ የምትቆይበት ጊዜ እየረዘመ ሄደ፣ ጡቴንም መልሳ ያዘች።

በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ልናስነሣት ሄድን። ቅጥሩ በር ላይ እናቴ እንደለመደችው ልትቀበለኝ እጇን ዘረጋች። «እኔ እይዛታለሁ» አልኳት። ከማጥመቂያው ፊት ሐሳቡ መጣ፦ «ብትጥያትስ?» መጣ፤ እኔም ቆሜ ጠበቅሁ። ካህኑ እስኪቀበሉኝ ልጄ እጄ ላይ ነበረች።

ዛሬም አልፎ አልፎ ይመጣል። ቴራፒው አላጠፋልኝም፤ ለሐሳቡ አለመታዘዝን አስተማረኝ። እግዚአብሔር ይመስገን። ሐኪሙን፣ ያቺን የወሎ ልጅ፣ የንስሐ አባቴን፣ እናቴንና ባለቤቴን ስለላከልኝ አመሰግነዋለሁ።

ይህን የምታነቢ እናት፣ ሐሳቡ የሚያስደነግጥሽ ከሆነ ክፉ ስለሆንሽ አይደለም። ድምፅ የሚያዝሽ ከሆነ፣ ሐሳቡ ትክክል መስሎ ከታየሽ ወይም መሞት ካማረሽ ግን አትደሪ፤ ብቻሽን ሳትሆኚ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂጂ። እናንተም ቤተሰቦቿ፣ ጠበሉም ይረጭ፣ ሐኪምም ይጠራ።

ብቻ ተናገሪ። እኔ ከተናገርኩ ልጄን ይቀሙኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። መልሰው አሳቀፉኝ።