ሁለተኛው ጎባ

ጽሕፈት ብዙም አይሆንልኝም። መሠረተ ትምህርት ያስተማሩኝን ያህል ነው የማውቀው፤ የተሳሳትኩት ካለ ይቅርታ።

እኔና ረዲ ሮቤ ገበያ የስንዴ ጫኝና አውራጅ ነን። እሱ ከሥራ በኋላ ይሮጣል። አምና ማራቶን ገባ። መንገዱ ከሮቤ ጎባ፣ ከጎባ ሮቤ፣ ደግሞ ተመልሶ ጎባ ነው። ረዲ የመጀመሪያው ጎባ ላይ ጉልበቱ ከዳውና በታክሲ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ በመናኸሪያው ባለፈ ቁጥር ወያላዎቹ «ጎባ፣ ጎባ፣ አንድ ሰው የቀረው» ይሉታል። አንገቱን ደፍቶ ያልፋል።

ዘንድሮም ተመዘገበ። ጠዋት ቤቱ ብሄድ ጫማውን አስሮ አልጋው ላይ ተቀምጧል። በመናኸሪያው በኩል አላልፍም አለኝ። ዛሬም ካቋረጠ ሮቤን ትቶ ደሎ መና እንደሚገባም ነገረኝ። በጓሮ፣ በጋሪ መንገድ ወስጄ መነሻው ላይ አቆምኩት።

ውድድሩ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል ተብሏል። እኔ ጎባ መግቢያ ውሃ ይዤ ቆምኩ። ሁለተኛውን ዙር ሲመጣ እግሩን እየጎተተ ነው፤ ግን ጊዜ ነበረው። ያኔ ጀናዛ የተሸከሙ ሰዎች አስፋልቱን ሊያቋርጡ ደረሱ። ጥቂት ናቸው፣ ሁሉም ሽማግሌ። ረዲ ቆመ። ሰዓቱ እንዳይዘጋበት ብነግረውም ትከሻውን አስገብቶ እስከ መቃብሩ በር ተሸከመ። አንዱ አባት በኦሮምኛ «ገለቶሚ» ብለው አመስግነው መረቁት።

ሲመለስ በላስቲክ ጫማዬ አብሬው ሮጥኩ። መድረሻው ላይ ስንደርስ ገመዱ ተነስቷል፤ አዘጋጆቹ ወንበር መኪና ላይ እየጫኑ ነው። የኖራው መስመር ብቻ ቀርቷል። ረገጠውና እዚያው ተቀመጠ።

«እሸቴ፣ አይተሃል አይደል? አንተ ለወያላዎቹ ንገራቸው። አንተን ያምናሉ።»

እሺ አልኩ። ያቺን የጎባ ቀልድ መጀመሪያ ያወጣኋት እኔ ነኝ፣ አምና፣ ወያላዎቹን ለማሳቅ ብዬ። ረዲ አያውቅም ነበር።

በማግስቱ መናኸሪያ ሄጄ ጨርሷል አልኳቸው። ስሙ ዝርዝሩ ላይ የለም ብለው ሳቁ። እንደ ምንም አፌን ፈትቼ፣

«ቀልዱን ያመጣሁት እኔ ነኝ። እኔው ይብቃ እላለሁ» አልኩ።

ዘወር ስል ረዲ ጆንያ ተሸክሞ ከኋላዬ ቆሟል።

ወያላዎቹ አሁን አይጠሩትም። ረዲም ጆንያ ያሸክመኛል፣ ያወርድልኛል፤ ስሜን ከጠራ ግን ወር ሆነው። የኖራውን መስመር ሲረግጥ ከእኔ ሌላ ልብ ብሎ ያየ የለም። ለዚህ ነው የጻፍኩት።