እማማ አበሩ የቆጠሩት ስድስት ቤት

በእኛ ሕንፃ ስለ እማማ አበሩ ሁለት ነገር ይባላል። ፊት ለፊታቸው «እሳቸው አቋም ያላቸው ሴት ናቸው» ይባላል። የሊፍቱ በር ሲዘጋ ደግሞ «ግትር!» ይባላል። ሁለቱን የሚለያቸው ምን እንደሆነ ለብዙ ዓመት አላወቅሁም፤ አሁንም ማወቄን እጠራጠራለሁ።

አቋም የሚለው ቃል በሰፈራችን፣ በሮቫ ዩድ-አሌፍ፣ ብዙ ሥራ አለው። ራዲዮ ላይ ስለ አንድ ፖለቲከኛ ሲወራ «አቋም የለውም» ይሉታል። ቅዳሜ፣ በሰንበት፣ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ስልክ የማያነሣ ጎረቤት «አቋሙ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ልጆቹ በዕብራይስጥ «ኤክሮኖት» ይሉታል፤ እነሱም ቃሉን የሚያወጡት መከራከሪያ ሲያጡ ነው። ብቻ አንድ ነገር አስተውያለሁ። ሻይ ያለ ስኳር የሚጠጣ ሰው «አቋሜ ነው» ቢል ይሳቅበታል። ሰው ቃሉን የሚያነሣው አንድ ነገር ሊያጣ ሲል ነው።

እማማ አበሩ ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ከጎንደር ገጠር ተነሥተው፣ ሁለት ልጆች ይዘው፣ በሱዳን በኩል ወደዚህ አገር መጡ። በሰሜኑ የኢንዱስትሪ ቀጠና አንድ መጋዘን ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ካርቶን ሲያሽጉ ኖረው ጡረታ ወጡ። ለእኛ ሰው ግን ሥራቸው ሌላ ነው፤ ቤት ይቆጥራሉ። ሁለት ወጣቶች ሊጋቡ ሲሉ በመካከላቸው እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዝምድና እንደሌለ መረጋገጥ አለበት። ልጆቹ እዚህ ተወልደው፣ ወታደር ቤት ወይም ኮሌጅ ተገናኝተው፣ የቅድመ አያታቸውን ስም እንኳ አያውቁም። ስለዚህ እናቶቻቸው ይደውላሉ፤ «እማማ፣ ይቁጠሩልን።» እሳቸውም ዓይናቸውን ጨፍነው በአባት በኩል ሰባት፣ በእናት በኩል ሰባት ይወጣሉ።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ለጓደኛቸው ለማላኪ ልጅ፣ ለሬቪታል፣ ቆጠሩ። አዳራሽ ሁሉ ተይዞ ነበር። ስድስት ቤት ወጣ። «አይሆንም» አሉ። ማላኪ ለመነች፣ እግራቸው ላይ ወደቀች። «ምን ላድርግ፣ አቋሜ ነው» አሏት። ሰርጉ ቀረ። ሬቪታል እስከ ዛሬ አላገባችም፤ ማላኪም በገበያ ስታያቸው መንገድ ትቀይራለች።

ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ የገዛ የልጅ ልጃቸው ኦዴል ልታገባ መሆኗን ነገረቻቸው። ኦዴል ነርስ ናት። ልጁ ናዖር ይባላል፣ ወደብ ላይ ክሬን ያንቀሳቅሳል። አባቱ አቶ ሰጠኝ ከነታንያ ከተማ ደውለው «ቆጠራውን እርስዎ ካደረጉት ሌላ ሰው አንፈልግም፤ ማክሰኞ እንመጣለን» አሉ።

እማማ አበሩ ዕቃ እያጠቡ ብቻቸውን ቆጠሩ። ብርቄ የምትባል ሴት ላይ ሲደርሱ ውኃውን ዘጉት። ብርቄን ሰው ሁሉ ያሳደጋት ቤት ልጅ አድርጎ ይቆጥራታል። እሷ ግን በክፉ ዘመን ለጎረቤት በማደጎ የተሰጠች ልጅ ነበረች፤ የተወለደችው ከኦዴል ወገን ነው። የናዖርም ዘር የሚወጣው ከብርቄ ነው። ስድስት ቤት። ይህን የነገሯቸው እናታቸው ናቸው፤ እናታቸው ሞተዋል። ዛሬ የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም። ዝም ቢሉ ሰባቱ ንጹሕ ሆኖ ያልፋል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ መቀመጥ አልቻሉም። ደረጃውን በቀን ሁለቴ ይጠርጋሉ። ለገበያ ወጥተው ባዶ ዘንቢል ይዘው ይመለሳሉ። እሑድ ጠዋት አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

«ወዴት ነው እማማ?»

«የመጣው አውቶቡስ ወደሚሄድበት።»

«አሞዎታል እንዴ?»

«ቢያመኝ ደግ ነበር፤ ኩፓት ሖሊም ክሊኒክ ሄጄ ክኒን እቀበል ነበር።»

ነገሩን ሁሉ እዚያው ነገሩኝ። ሁለት አውቶቡስ አለፈ። ከዚያ ዞር ብለው «አንተ መጽሐፍ ታነባለህ። አቋም ማለት ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ሰው አምኖበት የማይለቀው ነገር» አልሁ።

«ውሻም አጥንቱን አይለቅም» አሉና ሦስተኛው አውቶቡስ ላይ ወጡ።

በማግሥቱ፣ ኋላ እንደነገሩኝ፣ ማላኪ ቤት ሄዱ። ማላኪ በሩን ከፈተች፣ ሰንሰለቱን ግን አላነሣችም።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«ታዲያ ምን አመጣሽ?»

«የኦዴል ስድስት ወጣ።»

ማላኪ ሳቀች፣ ሳቋ ግን ቶሎ ተቋረጠ። «እና? ዝም በይ እንድልሽ ነው፣ ተናገሪ እንድልሽ?»

«እኔም አላውቅም፣ እቴ።»

«እቴ አትበዪኝ! ስሚ። ስድስት ነው ማለትሽ እውነት ነበር፤ በእሱ አልተቀየምሁሽም። አይሆንም ያልሽው ግን ማን ነኝ ብለሽ ነው? በዚህ የሚፈርዱት ቄሳችን ሳይጠየቁ፣ ልጄ ሳትጠየቅ!»

እማማ አበሩ የበሩን ሰንሰለት ያዙ። «ይቅር በዪኝ» አሉ በመጨረሻ።

«ለእኔ አይደለም። ለሬቪታል ንገሪያት» አለችና በሩን ዘጋችው።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ እንግዶቹ፣ ናዖር ከአባቱና ከእናቱ ጋር፣ እማማ አበሩ ቤት መጡ። እኔም ለምስክር ተጠራሁ። ኦዴል ከናዖር አጠገብ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች። እማማ አበሩ በአባት በኩል ቆጥረው ጨረሱ፤ ሁሉም ተነፈሰ። በእናት በኩል ጀመሩ። ብርቄ ላይ ደረሱና ቆሙ።

«ብርቄ የተወለደችው ከእኛ ቤት ነው» አሉ። «ስድስት ነው።»

አቶ ሰጠኝ አገጫቸውን ያዙ። «ይህን እኮ ማንም አያውቅም። እኔ ራሴ አላውቅም! ለምን ተናገሩት?»

«ቁጠሪ አሉኝ፣ ቆጠርሁ።»

ኦዴል ተነሣች፤ አያቷን የምትጠራው በዕብራይስጥ ነው። «ሳፍታ፣ ምን እንዳደረግሽ ታውቂያለሽ? የገዛ የልጅ ልጅሽን!»

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

«እና አሁን ደግሞ እንደ ሬቪታል አይሆንም ልትዪኝ ነው?»

የእማማ አበሩ እጆች ቀሚሳቸውን ጨምድደው ያዙ። «አልልም። የማውቀውን አልደብቅም፤ የእኔ እሱ ነው። አይሆንም ማለት ግን የእኔ አልነበረም። ያኔም አልነበረም። ዛሬ ጠዋት ለሬቪታል ደውዬ ይህንኑ ነግሬያታለሁ።»

«ምን አለችሽ?»

«ስልኩን ዘጋችው።»

አቶ ሰጠኝ የመኪና ቁልፋቸውን አነሡ። «እንግዲህ እኛም አቋም አለን። ከሰባት በታች አንጋባም። ተነሥ ናዖር!»

ናዖር አልተነሣም። በዚያ ከባድ ዕቃ በሚያነሣበት እጁ የሶፋውን ጠርዝ ይዞ፣ ወለሉን እያየ፣ «አባ፣ እኔ እዚህ ነኝ» አለ። ሁለት ጊዜ ተጠራ፤ ሁለት ጊዜ ያንኑ መለሰ። እናቱ ግማሽ ተነሥታ ግማሽ ተቀምጣ ቀረች።

እማማ አበሩ ወንበር ገፋ አድርገው ወደ በሩ አስጠጉ። «ይቀመጡ አቶ ሰጠኝ። ቄሱን አብረን እንጠይቃቸው።»

አቶ ሰጠኝ አልተቀመጡም። ግን አልሄዱም። በአንድ እጃቸው በሩን፣ በሌላው ቁልፉን ይዘው ልጃቸውን እያዩ ቆሙ፤ ኦዴልም ሄዳ ናዖር አጠገብ ተቀመጠች።