ለሞላ ቤት የሰጠሁት አስተያየት

ጀማሪን ማመስገን ያበረታታዋል ይባላል። አያበረታታውም። ምስጋና የሚጠቅመው አመስጋኙን ነው፤ ከሙግት ይገላግለውና በጊዜ ወደ ቤቱ ይሰደዋል።

ይህን ያስነሣብኝ የእህቴ ልጅ ሰላም ናት። መካነ ኢየሱስ ከተማ ታስተምራለች፤ ትርፍ ጊዜዋን ደግሞ የቤት ሥዕል በኮምፒውተር ስትሠራ ታሳልፋለች። ባለፈው ሳምንት የሠራችውን ማድ ቤት በቴሌግራም ላከችልኝና «አጎቴ፣ አስተያየት ስጠኝ» አለች። ጓደኞቿ ሥዕሉን በልብ ምልክት አጥለቅልቀውታል። ማድ ቤቱ ያምራል፤ ነገር ግን የድስቱ ጥላ ወደ ግራ፣ የምድጃው ጥላ ወደ ቀኝ ወድቋል። «ሁለት ፀሐይ አውጥተሻል» ብዬ ጻፍኩላት። እስካሁን አልመለሰችልኝም። እኔም ስልኬን እየከፈትኩና እየዘጋሁ፣ እየተነሣሁና እየተቀመጥኩ ሰነበትኩ። ሞላን ያስታወስኩት ያን ጊዜ ነው።

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ንፋስ መውጫ አስተምር ነበር። ሞላ ጓደኛዬ የአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው። ከሰው በገለበጠው ሲዲ ብቻውን ተምሮ፣ በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ግድግዳ ያቆማል፣ ጭቃ ይመርጋል፣ ብርሃን ያስገባል። አንዲት ሥዕል ለማውጣት ኮምፒውተሩ ከቅዳሜ ቀትር እስከ እሑድ ቀትር ያጓራል፤ መካከል ላይ መብራት ከሄደ ሁሉም እንደገና ነው። ማንም አላዘዘውም። ሌላው ከረንቡላ ሲጫወት እሱ ቤት ይሠራል።

በዚያ ዓመት የሚሠራው የተወለደበትን ቤት ነበር። ወገዳ አጠገብ፣ የገጠር ሣር ቤት ነው። አባቱ ሲሞቱ በስድስት ዓመቱ ለቀውት ወጡ፤ ቤቱም ፈረሰ። እናቱ እማማ ጥሩነሽ ወገዳ ከተማ ተከራይተው ይኖራሉ። ዓይናቸው በየወሩ እየደከመ ነበር፤ ሐኪሞቹም አይመለስም ብለዋቸዋል። ሞላ ብርሃናቸው ሳይጠፋ ቤታቸውን አንድ ጊዜ ሊያሳያቸው ፈለገ።

የካቲት ላይ፣ በሁዳዴ፣ ጠርቶ አሳየኝ። የገብስ ቆሎ እየቆረጠምን አየን። የጠቆረው ምሰሶ፣ በእበት የተለቀለቀው ወለል፣ በበሩ የገባው ጨረር፣ ሁሉም ልብ ይነካል። ግን የእህሉ ጎታ እንደ ግንብ ተገትሯል። ኩባያ የሚሰቀልበት ችካል ላይ ለመድረስ መሰላል ያሻል። ወዲያው ገባኝ፤ ሞላ ቤቱን የለካው በስድስት ዓመት ልጅ ዓይን ነው። «እስቲ አንድ ሰው አቁምበት» ብዬው ቢሆን ይበቃ ነበር።

«እህ? እውነቱን ንገረኝ» አለኝ።

«እንከን አይወጣለትም።»

«ምንም?»

«ኧረ ምንም!»

«አንተ እኮ ወንድሜ ነህ» ብሎ ትከሻዬን መታኝ። እንዳላሳዝነው ብዬ ነው እያልኩ ለዓመታት አወራሁ። እንደ እውነቱ ግን ርቦኝ ነበር፤ ስህተቱን ብነግረው ደግሞ እስኪመሽ አይለቀኝም።

ፈቃድ ያገኘው ግንቦት ላይ ነው። ሥዕሉን ባሕር ዳር በትልቅ ወረቀት አሳትሞ አብረን ወደ ወገዳ ሄድን። መንገዱ ያንገጫግጫል፣ አቧራው ጥርስ ላይ ይንቀጫቀጫል። ሞላ ወረቀቱን እንደ ሕፃን አቅፎታል። ሦስት ጊዜ ልነግረው አፌን ከፍቼ ሦስቴም ስለ አቧራው አማረርኩ።

እማማ ጥሩነሽ ወረቀቱን ወደ በሩ ወስደው አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉት።

«የማን ቤት ገብተህ ነው ያነሣኸው?»

«የእኛ እኮ ነው እማዬ። እኔ ነኝ የሠራሁት።»

«የእኛ? አይ ልጄ! ይኼማ ቅዳሴ የሚቀደስበት ነው። እዚህ ጎታ ውስጥ ብወድቅ በገመድ ነበር የምትጎትቱኝ!»

ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ሞላ አልሳቀም። ከዚያ ተነሥተው መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «ጎታው እስከዚህ ነበር፤ ጎንበስ ብዬ ነበር የምዝቀው። በሩንም አባትህ አንገቱን ሰብሮ ነው የሚገባው። መደቡ ሁለት ስንዝር።» በክንዳቸውና በስንዝራቸው እየለኩ ነገሩት፤ እሱ በሥዕሉ ጀርባ ላይ ጻፈ። ሲጽፍ ቀና ብሎ አላየኝም።

ሁሉንም አፍርሶ እንደገና ሠራው። ክረምቱ ገባ፤ መብራቱ ይሄዳል፣ መንገዱ በጭቃ ይዘጋል። ሁለተኛውን ሥዕል ይዞ ወገዳ የደረሰው ነሐሴ መጨረሻ ነው። ሲመለስ በጭቃ ጫማው ቀጥታ ወደ እኔ መጥቶ አልጋዬ ላይ ተቀመጠ።

«እማዬ አታይም» አለኝ። «ወረቀቱን ዳበሰችው። ‹ጎታው እስከ የት ነው?› አለችኝ። እጇን ይዤ ደረቷ ላይ አደረግሁላት። ‹አዎ፣ እስከዚህ ነው› አለች።»

የጫማውን ጭቃ በጣቱ ፈቀፈቀ።

«አንተ የካቲት ላይ ስህተቱን አይተኸው ነበር?»

«አይቼው ነበር።»

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። የካቲት ላይ ብናገር ኖሮ ግንቦት ላይ የሚወስደው ልከኛውን ቤት ነበር፤ ግንቦት ላይ እናቱ ገና ያዩ ነበር።

ሞላ ሠርጌ ላይ ሚዜዬ ሆኖ ጨፍሯል፤ ዛሬም ይደውልልኛል። ከዚያ ወዲህ ግን የሠራውን አንዲት ነገር እንኳ አላሳየኝም። አናጢዎችን፣ ግንበኞችን ይጠይቃል። እኔ የማላውቃቸው ሰዎች ሥዕሎቹን አይተው ሲያወሩ እሰማለሁ።

ይኸው እኔም ደራሲ ተብዬ «ግሩም ነው፣ በርታ» ሲሉኝ እኖራለሁ። በተባልኩ ቁጥር ወንበሩ ይቆረቁረኛል፤ ማን ርቦት፣ ማን ቸኩሎ እንዳለኝ ማወቅ አልችልም። አንተ እዚህ ድረስ ያነበብክ ሰው፣ የቱ ጋ እንደሰለቸህና የቱን እንዳላመንከኝ ታውቃለህ። ጻፍና ላክልኝ።