ዓሣ ወይስ መረብ

መጀመሪያ የናሱን ክብ ዝርግ ከሳጥኑ ታነሣለች። በሌባ ጣቷና በአውራ ጣቷ ይዛ ወደ መስኮቱ ዘንበል ታደርገዋለች፤ ስንጥቅ ካለበት ብርሃኑ ያሳብቅበታል። ደህና ከሆነ በእጅ በሚጠመዘዘው ማተሚያ ውስጥ፣ በሁለቱ የብረት ቅርጾች መሐል ታስቀምጠዋለች። የላይኛው ቅርጽ ዓሣ ነው፣ የታችኛው መረብ። እጀታውን በትከሻዋ ጭምር ትጫነዋለች፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ሁለቴ የተመታ ሳንቲም ዓሣው መንታ ይሆናል። ሲወጣ ጠርዙ ሻካራ ነው፣ ጣት ይቆርጣል፤ ስለዚህ ብረት መቆንጠጫው ሞርሳ ወዳለበት ጠረጴዛ ትወስደዋለች። እዚያ አንዲት የቆዳ ቁራጭ ተለጥፋለች። ሳንቲሙን ዓሣውን ወደ ቆዳው ደፍታ ታስተኛዋለች፣ በግራ አውራ ጣቷ ያዝ ታደርገዋለች፣ ከላይ በኩል ያለውን ጠርዝ በሞረድ አራት ጊዜ ትፈገፍገዋለች፣ ትንሽ ታዞረዋለች፣ እንደገና አራት። ዙሪያው ሲያልቅ ትገለብጠውና የዓሣውን በኩል በብርጭቆ ወረቀት ዳበስ ብቻ ታደርገዋለች። ዓሣው እንዳይጫርባት ነው። በመጨረሻ በጨርቅ ወልውላ ጆሮዋ አጠገብ በጥፍሯ ትመታዋለች። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ አለቀ።

ሰፈሩ «ሞረዴ» ይላታል። ከሷ የሚያንሱት «እትዬ ሞረዴ» ይሏታል። ሞረድ ከያዘች ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ማኅተም ቀርጻለች፣ የበር ስም ቀርጻለች፣ ለሯጮች ሜዳሊያ መትታለች። ሁለት እኩል ያልሆኑ ነገሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ዓይኗ አያርፍም። ሰው ቤት ሄዳ የተንጋደደ ፎቶ ካየች ሳታቀና አትቀመጥም። ታናሽ ወንድሟ ልብስ ሰፊው፣ እህቴ ስትሞት መቃብሩ ልኩን መጠበቁን ለክታ ነው የምትገባው እያለ ይቀልድባት ነበር። ያን ጊዜ ይቀልድ ነበር።

የሳንቲሙ ሥራ የመጣው በካርድ ሻጩ በኩል ነው። ሰውዬው መደብሩ ውስጥ በሥዕል ያጌጡ የጨዋታ ካርዶች ይሸጣል፤ ከጓዳ ባለችው ክፍል ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት ገዢዎቹ ተሰብስበው ይጫወቱባቸዋል። ሕፃናት እንዳይመስሏችሁ፤ አናጺ አለ፣ መድኃኒት ሻጭ አለች፣ የባንክ ጥበቃ አለ። በጨዋታው ማን እንደሚጀምር፣ ካርዱ ላይ ያለው አውሬ ይንቃ ወይስ ይተኛ የሚወስነው ሳንቲም ነው። ከካርዶቹ ጋር የሚመጣው የፕላስቲክ ሳንቲም ቀላል ሆነና ተሰላቹ። ካርድ ሻጩ ሞረዴ ዘንድ መጥቶ፣ ሰው እጁ ላይ ሲያስቀምጠው ክብደቱ የሚሰማው፣ ቆንጆ፣ ቁጥሩ የተወሰነ የናስ ሳንቲም እንድትሠራለት ለመናት። ሁለት መቶ ሠራች። መረቡን በአንድ ከሰዓት ቀረጸችው፤ ቀጥ ያለ መስመር ነው። ዓሣው ግን ሦስት ሳምንት ፈጀባት። ቅርፊቱን አንድ በአንድ ነው ያወጣችው፤ ከክንፉ ሥር አንዷን ቅርፊት ሆን ብላ ዘለለቻት። ያቺ ባዶ ቦታ ፊርማዋ ናት።

ሳንቲሞቹ በአንድ ወር አለቁ። ሰዎች በጥጥ ጠቅልለው በሳጥን ያስቀምጧቸው ጀመር። ከሌላ ከተማ መጥተው የሚገዙም ነበሩ።

ወንድሟ ከመጀመሪያዎቹ አንዱን ወሰደ። እሱም የቅዳሜዋ ክፍል ሰው ነው፤ ከትምህርት ቤት ጀምሮ ጓደኛው ከሆነው ከኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ነበር የሚጫወቱት። የክፍሏ ደንብ ደግሞ የራሷ ነው። ሳንቲም ወደ ላይ መወርወር ክልክል ነው፤ አንድ ጊዜ የሰው ሻይ ውስጥ ገብቷል፣ አንድ ጊዜ የመድኃኒት ሻጯን መነጽር ሰብሯል። ስለዚህ ጠሪው ዓሣ ወይም መረብ ብሎ ይጠራና ሳንቲሙን በጠርዙ አቁሞ መስተዋት ላይ ያሽከረክረዋል። ሌላው ሰው አንዴ ዓሣ፣ አንዴ መረብ ይላል። ልብስ ሰፊው ግን ሁልጊዜ ዓሣ ነው። እና ዓሣ ይወጣለታል።

መጀመሪያ ሳቁበት። ከእህቱ ጋር ተማክሮ ነው፣ ዓሣውን ቀልባ አልምዳለት ነው አሉ። ቆይቶ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው በዝምታ ወረቀት ላይ መቁጠር ጀመረ። ከሠላሳ አራት ጊዜ ሃያ አምስቱ ዓሣ። የዓመቱ ውድድር ላይ ልብስ ሰፊው በመጨረሻው ሳንቲም ሲያሸንፈው ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ያን ቀን ማንም አልሳቀም።

ሳንቲሙን ይዘው ወደ ሞረዴ መጡ፤ ካርድ ሻጩና የኤሌክትሪክ ሠራተኛው። ወንድሟ አልመጣም፤ እህቴ ታውቃለች ብሎ ነው የቀረው። ደም ሥሯ ተነሣ። ሥራዋ ሲጠረጠር የመጀመሪያዋ ነው። ሚዛን ላይ አወጣችው፣ ውፍረቱን በካሊፐር አራት ቦታ ለካች፣ ከዚያ ሃምሳ ጊዜ ወደ ላይ እየወረወረች በመዳፏ ቀለበችው። ሃያ ስድስት ዓሣ፣ ሃያ አራት መረብ። ቁጥሩን ጻፈችና ወረቀቱን አዙራ አሳየቻቸው።

«የኔ ሳንቲም ንጹሕ ነው» አለች።

የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ቀስ ብሎ፣ «እንግዲያው እጁ ነዋ፣ እትዬ?» ሲል ጠየቃት።

ሳንቲሙን እየወለወለች ነበር። ቀና ሳትል፣ «የእጁን እሱን ጠይቁት» አለች።

አለቀ። የቅዳሜዋ ክፍል ለልብስ ሰፊው ተዘጋች። እህቱ ራሷ መሰከረችበት የሚለው ወሬ ከሱ በፊት የስፌት ሱቁ ደረሰ። የልጅነት ጓደኛው በመንገዱ ማዶ በኩል ማለፍ ጀመረ። እሱ ደግሞ እሑድ እሑድ እናታቸው ቤት የሚበሉትን ምሳ ተወ። እናታቸው ሦስት ሳህን ማቅረቧን አልተወችም። ሦስተኛው ሳህን ባዶውን ቀርቦ ባዶውን ይነሣል። አንድ እሑድ ሞረዴ አስቀድማ ልታነሣው ስትል አሮጊቷ እጇን ያዘቻት። «ናሱን ስትመዝኚ ልጄን ጣልሽው» አለቻት፣ ነገሩንም ደግማ አላነሣችውም።

ሞረዴ ለራሷ መልስ ነበራት። ለክታለች። ቁጥር አይዋሽም። ወንድም ነው ተብሎ ሃያ ስድስቱን ሠላሳ አይሉት። ግን ሌሊት ሳይሆን በጠራራ ፀሐይ፣ ሞረድ በያዘችበት፣ አንድ ነገር ይቆረቁራት ነበር፤ ልጁ ከልጅነቱ ጀምሮ መዋሸት አይችልበትም። ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል።

ካርድ ሻጩ ሌላ መቶ ሳንቲም አዘዘ። አንድ ረፋድ ላይ ያለቀውን ሳንቲም ስታነሣ ከእጇ አመለጣትና መለኪያዎቿን የምትዘረጋበት መስተዋት ላይ በጠርዙ ወደቀ። ተሽከረከረ፣ ተንገዳገደ፣ ተኛ። ዓሣ። አንሥታ ራሷ አሽከረከረችው። ዓሣ። እንደገና። ዓሣ። አራተኛው መረብ ሲሆን ትንፋሿ መለስ አለ፤ አምስተኛው፣ ስድስተኛው፣ ሰባተኛው ግን ዓሣ ሆኑ። በሯን ዘጋች። ጠመኔ አንሥታ ጠረጴዛው ላይ እየጫረች መቶ ጊዜ አሽከረከረች። ሰባ አንድ ዓሣ። ከቦርሳዋ ተራ የገበያ ሳንቲም አውጥታ እሱንም መቶ ጊዜ አሽከረከረች። አርባ ስምንት።

ከዚያ አጉሊ መነጽሯን አጥልቃ ጠርዙን አየች። ያ ሃያ ስድስት ዓመት የሠራ ዓይን ያላየው እዚያ ነበር። ዓሣው እንዳይጫር ቆዳው ላይ እየደፋች ስለምትሞርድ፣ የመረቡ በኩል ጠርዝ ዙሪያውን ተሞርዶ ተዳፋት ሆኗል፤ የዓሣው በኩል ቀጥ እንዳለ ነው። ጥፍር የማያህል ልዩነት፤ የጥፍር ቁራጭ እንኳ አይሆንም። ወደ ላይ ለተወረወረ ሳንቲም ምንም አይደል። በጠርዙ ለሚሽከረከር ሳንቲም ግን የቆመበት እግር ወደ ዓሣው በኩል ተጠግቷል ማለት ነው፤ ስለዚህ ወደ ተሞረደው በኩል ያጋድላል፣ መረቡን ታች አድርጎ ዓሣውን ወደ ላይ ይተኛል። እሷ የሞከረችው በመወርወር ነው። እነሱ የሚጫወቱት በማሽከርከር ነው። እንዴት ነው የምትጫወቱት ብላ አልጠየቀችም።

ሦስት ቀን ዝም አለች። ይህን መደበቅ አያምርም። ሳንቲሞቹን መሳቢያ ውስጥ ከታ ቆለፈችባቸው፣ ለካርድ ሻጩ ናስ አልመጣልኝም ብላ ላከችበት። ብትናገር የሞረዴ ሥራ የተዛባ ነው ይባላል፤ ማኅተም የሚያሠራ፣ ሜዳሊያ የሚያስመታ ሁሉ ያቺ ጠማማዋ ይላታል። ዝም ብትል አዲሱን ጠርዝ አስተካክላ ትሠራለች፣ ማንም አያውቅም፣ የወንድሟ ስም ግን እንደተደፋ ይቀራል። ሂሳቡ ቀላል ነበር። መነሣቱ ነው የከበዳት።

ቅዳሜ መስተዋቷን በጋዜጣ ጠቅልላ ወደ ካርድ ሻጩ ጓዳ ሄደች። ወንበር ሲያቀርቡላት አልተቀመጠችም። በፊታቸው ሃያ ጊዜ አሽከረከረች፣ እነሱንም አስሞከረቻቸው። መድኃኒት ሻጯ አሥራ አምስት ዓሣ አወጣች፤ የባንክ ጥበቃው አሥራ አራት። ሞረዴ ጠርዙን እያሳየች አስረዳች፣ የቆዳዋን ነገር ሳትደብቅ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሳንቲሙን በጣቱ ደጋግሞ ዳሰሰው።

«ታዲያ እኔ መረብ ስል የከረምኩት...» ብሎ ጀመረና ተወው። ጥበቃው ሊያስቅ ፈልጎ፣ አንተማ ዓሣ አጥማጅ አይደለህም አለው። ማንም አልተከተለውም። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ኮፍያውን አንሥቶ ወጣ፤ በማዶ በኩል ሳይሆን የልብስ ሰፊው ሱቅ ባለበት በዚህኛው በኩል ሲሄድ በመስኮቱ ታየ።

ሞረዴ ስትደርስ ግን የልብስ ሰፊው ሱቅ ውስጥ ወንድሟ ብቻውን ነበር፤ የሱሪ ጫፍ ያጥፋል። ጓደኛው መጥቶ ይቅርታ ጠይቆ ሄዷል። ቀና ብሎ አያትና መርፌውን አልጣለም።

«ምን ልታዘዝ? ምን ያሰፋሉ?» አላት።

ሁልጊዜ «እታለም» ነበር የሚላት። አንቱታው ከሞረድ በላይ ፋቃት። ያመጣችውን ሁሉ ነገረችው፣ ቁጥሩንም ጭምር፤ ቁጥር ካልያዘች መናገር አትችልም። እስክትጨርስ ሰማት።

«እኔ ዓሣ እል የነበረው እኮ» አለ፣ «እርስዎ የሠሩት እሱ ስለሆነ ነው። ሦስት ሳምንት ሲሠሩት አይቼ። መረቡንማ ማንም ይሠራዋል።»

ይቅርታ አለች።

«ሳንቲሙን ሃምሳ ጊዜ ሞከሩት። እኔን አንዴ ቢጠይቁኝ ምን ነበረበት?»

ከዚያ ወደ ሱሪው ተመለሰ። በሚቀጥለው እሑድ እናታቸው ቤት መጣ፤ ሦስተኛው ሳህን ሞላ። አሁንም እህቱን እርስዎ ነው የሚላት። እናታቸው ሰምታ ሰምታ፣ «ይሄን ሁሉ አንቱታ ከየት አመጣኸው? እኔን የወለድኩህን እንኳ አንቺ ነው የምትለኝ» አለችው። ጆሮው ቀላ። ግን ወደ «አንቺ» አልተመለሰም።

ሞረዴ አሁን ሳንቲሞቹን እየሰበሰበች ነው። የዓሣውን በኩል ጠርዝ ከመረቡ እኩል ትሞርደዋለች፤ ይህን ስታደርግ የጅራቱ ጫፍ ይነካል፣ እሷም ጥርሷን ነክሳ ትነካዋለች። ከሁለት መቶው ውስጥ መቶ አርባ አንዱ ተመልሷል። የቀሩት ሃምሳ ዘጠኙ ናቸው ያስቸገሯት። ሰብሳቢዎቹ ነገሩን ሰምተው፣ የተዛባ ከሆነማ ብርቅ ነው ብለው ሸሽገዋቸዋል። ካልታረሙት አንዱን የያዘ ሰው እሷ ያስተካከለቻቸውን ሁለት ሲሰጡት እንኳ አይለውጥም አሉ። እሷን ደግሞ ማታ እንቅልፍ የሚነሣት ብርቅነቱ አይደለም፤ በሆነ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ዓሣ እያለ እያሸነፈ፣ ሌላው በዝምታ ወረቀት ላይ እየቆጠረ ይሆናል።

ስለዚህ ይህን ለምታነቡ ሞረዴ አንድ ልመና አላት። የናስ ሳንቲም ካላችሁ፣ ከዓሣው ክንፍ ሥር አንዲት ቅርፊት የጎደለች መሆኗን እዩ። ከጎደለች፣ መስተዋት ላይ አቁማችሁ መቶ ጊዜ አሽከርክሩት፤ ዓሣው ከስልሳ በላይ ከመጣ ላኩላት፣ ያለ ምንም ክፍያ አስተካክላ ትመልሳለች። ማስቀመጥ ከፈለጋችሁም አስቀምጡት፤ ብቻ አትጫወቱበት። በሱ የተነሣ አጭበርባሪ ያላችሁት ሰው ካለ ግን፣ ሳንቲሙ እስኪመለስ አትጠብቁ። ዛሬውኑ ሂዱና እሱን ጠይቁት።