የአምስት ሰዓት ተኩል መንገድ

ታናሽ ወንድሜ ከአዳማ የወጣው ሐዋሳ ሥራ አገኘሁ ብሎን ነው። በሦስተኛው ቀን ከሞያሌ ደወለ። «ወደ ጆሃንስበርግ እየሄድኩ ነው፣ ለአባዬ ቀስ ብለሽ ንገሪው» አለኝ። ደላላ እየመራው፣ ግማሹን በጭነት መኪና ሸራ ሥር ተደብቆ፣ ግማሹን በእግሩ ሄዶ አራት ወር ፈጀበት።

አባታችን ከአዳማ አቦምሳ አውቶቡስ ሲነዳ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ነው። ልጁ መድረሱን የሰማ ቀን «በአውሮፕላን ቢሆን ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ስልኬ ላይ ፈልጌ «ከአዲስ አበባ አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ» አልኩት። «ክረምት ላይ፣ ጭቃ ሲይዘኝ፣ አቦምሳ ለመድረስ ከዚያ በላይ ፈጅቶብኝ ያውቃል» አለ።

ወንድሜ እዚያ ሱቅ ተቀጥሮ ሁለት ዓመት ሠራ። ከዚያ ሳል ያዘው። አንድ እሑድ ደውሎ «እትዬ፣ ልምጣ እንዴ? አየሩ አልተስማማኝም» አለ። ድምፁ ሰልሏል። እኔ ግን ያሰብኩት የሰፈሩን አፍ ነበር።

«ያን ሁሉ ተንከራትተህ ባዶ እጅህን? ትንሽ ጠንክር፣ ስትታከም ይሻልሃል» አልኩት።

«እሺ» አለ።

ወር ሳይሞላ አብሮት የሚኖር ልጅ ደወለ። ሳንባው ነው፣ ሐኪም ቤት በገባ በአራተኛው ቀን አረፈ አለኝ።

አስከሬኑን ልንቀበል ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሄድን። ሳጥኑ ሲወጣ አባዬ ወረቀት የሚያስፈርመውን ሠራተኛ «ስንት ሰዓት በረረ?» አለው።

«አምስት ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው፣ አባባ። እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

አባዬ ራሱን ነቀነቀና እጁን ሳጥኑ ላይ አሳረፈ።

ስንመለስ የአስከሬኑ መኪና ሾፌር ወደ ፈጣኑ መንገድ ሊታጠፍ ሲል አባዬ ከኋላ ትከሻውን ነካው። «በአሮጌው ሂድልኝ፣ የኔ ልጅ። ቀስ ብለህ።» ቢሾፍቱ ላይ ጋሪና ባጃጅ መንገዱን ዘግተውት ቆምን፤ ሞጆ ላይ የጭነት መኪና ሰልፍ ያዘን። አዳማ ቀባሪው ቆሞ ይጠብቃል፣ ስልኬ ይጮኻል፤ ሾፌሩ ግን ክላክስ እንኳ አላሰማም። አባዬ ከኋላ፣ ሳጥኑን ተደግፎ ተቀምጧል። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ለማድረስ ሲቸኩል የኖረ ሰው፣ ያን ቀን መድረስ አልፈለገም።

ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ ነገሩ ውስጤን ሲበላኝ ከረመ። አንድ ቀን ከሰዓት ግቢ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ አገኘሁትና ነገርኩት። «ከማረፉ በፊት አንድ እሑድ ደውሎ ልምጣ ብሎኝ ነበር፣ አባዬ። ቆይ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢቆጣኝ ይቀለኝ ነበር።

«እኔንም ጠይቆኛል» አለ በመጨረሻ። «በማግስቱ ደውሎ። ወንድ ልጅ አይደለህ እንዴ፣ ቻለው አልኩት።»

እሱም አልወቀሰኝም፣ እኔም አልወቀስኩትም። ፀሐይዋ ግቢውን ለቃ እስክትሄድ ጎን ለጎን ተቀምጠን አለቀስን።