ዳማ ጋጣዋን የለቀቀች ጊዜ

ያን ጊዜ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ወሎን ረሃብ የመታበት፣ ሬዲዮውም ስለ ወታደሮቹ አድማ ማውራት የጀመረበት ጊዜ ነው። ከመካነ ሰላም ማለዳ የተነሣነው አባቴ፣ እኔና ዳማ ነን። ዳማ የአባቴ ባዝራ ናት። በጥምቀት ለጉግስ ትወጣለች፤ ከዚያ በቀር ከጋጣዋ አትነቃነቅም፣ ገብሷ እፊቷ ድረስ ይቀርብላታል። እመቤት ነበረች። ያን ዓመት ግን ገብሱ ሊያልቅ ሆነ፤ ቆማ ከመዋሏም የተነሣ የኋላ እግሮቿ አብጠው ታነክስ ጀመር። አባቴ መላ ቢያጡ፣ በከላላ በኩል ደጋ ላይ ለሚኖሩት ታላቅ እኅታቸው ሊሰጧት ወሰኑ። እኔ ስንቅ ያዥ ሆኜ ተከተልኩ።

ወንዙ ዳር

አባቴ አልተቀመጡባትም፤ እየሳቧት ነው የወረድነው። የቀረችውን ገብስ በስልቻ አዝያለሁ። ግራ ቀኙ ማሳ ገለባ እንኳ የለውም። ወንዙ ዳር አርፈን ለዳማ ገብስ ስንሰጣት፣ ከዛፍ ጥላ ሥር አንዲት እናት ከልጆቿ ጋር ተቀምጣ ታየን ነበር። ዘሃራ ትባላለች። ከብቶቿ ቢያልቁ ቤቷን ዘግታ ወደ መካነ ሰላም መውጣቷ ነው። አልለመነችንም። ትንሿ ልጇ ግን መጥታ ከዳማ አፍ የሚረግፈውን ገብስ ትለቅም ጀመር።

አባቴ አንዴ ልጅቱን፣ አንዴ ፈረሷን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ስልቻውን እንዳለ አንሥተው ዘሃራ ፊት አኖሩት።

«ፈረሷስ?» አለች።

«እሷን እንግዲህ አላህ ያውቅላታል።»

ዳገቱን እስክንጨርስ እየዞሩ ያይዋታል። ገብስ ያጣች ፈረስ አትተርፍም ብለው ነበር የሚያምኑት።

ደጋው ላይ

አክስቴ የሺ እንጀራ በጎመን አቀረቡልን፤ ከዚያ በላይ በቤታቸው አልነበረም። በዚያ አገር ፈረስ ጋጣ የለውም። የመንደሩ ፈረስ ሁሉ በአንድ መንጋ ሜዳ ላይ ይውላል፣ ሜዳ ላይ ያድራል፤ ጠጉሩም እንደ በግ የተንዠረገገ ነው። ሲፈልጉት ጨው አሳይተው ይጠሩታል። ዝናቡ እዚያም ቀርቷል፤ የጓሳው ሣር ግን ደርቆም ቢሆን ይጋጣል።

አባቴ አላስቻላቸውም። እንዳትጠፋ የፊት እግሮቿን በጠፍር አሰሩ፣ ጋቢያቸውንም አለበሷት። አክስቴ ሳቁ፤ «ወንድሜ፣ ባዝራ ነው ያመጣህልኝ ወይስ አራስ?»

ጠዋት ስንወጣ መንጋው ፀሐይ ወደሚቀድመው ተረተር ተሻግሯል። ዳማ ብቻዋን ቆማ ትንቀጠቀጣለች፤ ጋቢው በውርጭ ደርቋል።

«ብርዱን አትችለውም ብዬ ነበር» አሉ አባቴ።

«ፈረስ ሲሄድ ነው የሚሞቀው። አንተ እግሯን አሰርክ። ፍታት።»

«ብትጠፋስ?»

«የት ትሄድብሃለች? ዘመዶቿ ጋ ነው። አብሽር።»

አባቴ ጎንበስ ብለው ፈቱ። ዳማ እያነከሰች መንጋው ጋ ደረሰች። ነከሷት፣ በርግጫም አባረሯት። አባቴ ዱላ ይዘው ሊሮጡ ሲሉ አክስቴ ዱላውን ያዙት። ምሳ ሲጠሯቸው አልመጡም፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያያሉ። ጀንበር ስታዘቀዝቅ አንዲት አሮጊት ባዝራ ቀርባ የዳማን ማጅራት በጥርሷ ታክላት ጀመር፤ ዳማም መልሳ አከከቻት።

ሰነበትን። ዳማ ስትሄድ እየዋለች የእግሯ እብጠት ሟሸሸ፤ አንድ ጠዋትም ሳታነክስ ስትሮጥ አየናት። አባቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔ እኮ ያከበርኳት መስሎኝ ነው» አሉ። አክስቴም ያን ጊዜ አልቀለዱባቸውም።

መመለሻ

ዳማን እዚያው ትተን ወረድን። ከተማው ስንደርስ ተማሪዎች ሬዲዮ ከበው ይከራከራሉ፤ አባቴ ቆመው አልሰሙም። እኔ ከዚያ መንገድ የያዝኩት፣ የሚወዱትን ነገር መያዝና ማሰር አንድ አለመሆኑን ነው። ዛሬም ፈረሶቼን ሜዳ አሳድራለሁ።

አባቴ በማግሥቱ ግርግሙን ከጋጣው ነቅለው አወጡ፣ ወለሉን ጠረጉ፣ የግድግዳውን ሽንቁር በጭቃ ደፈኑ። ከዚያ ወጥተው ዘሃራን ፈለጓት፤ ገበያው ጥግ አገኟት። ከልጆቿ ጋር አምጥተው ጋጣው ውስጥ አስገቧት፤ ክረምቱ እስኪወጣም ኖሩበት።